ኮስቲክ ሶዳ ወይስ ፖታሽ? ያገለገለ ዘይት ወደ ናፍጣ ሲቀየር

የመጀመሪያው ሙከራዬ ገንፎ ሆኖ ነው የወጣው። ሰፈራችን ውስጥ ሳምቡሳና ቺፕስ ከምትጠብስ ጎረቤቴ አስር ሊትር ያገለገለ ዘይት ወሰድኩ፣ ሜታኖሉን ለካሁ፣ ኮስቲክ ሶዳውን በግምት ጨመርኩ፣ አማስዬ አማስዬ ተኛሁ። ጠዋት ክዳኑን ስከፍት ማንኪያ የሚያቆም ነገር ጠበቀኝ። መሃሉን ጎድጎድ አድርጎ ቅቤና በርበሬ ማድረግ ብቻ ነበር የቀረኝ።

ለጥቂት ቀናት ጥፋቱን በዘይቱ ላይ አላከክኩ። ዘይቱ ምንም አላደረገም። ኮስቲክ ሶዳው በተከፈተ ከረጢት ክረምቱን ሙሉ እርጥብ ክፍል ውስጥ የቆየ ነበር፣ መጠኑንም በዓይኔ ነው የሰፈርኩት፣ ዘይቱ ምን ያህል እንደጎመዘዘ ደግሞ ጭራሽ አልለካሁም። ስለዚህ ይህ ጽሁፍ ስለ ካታሊስት ነው፣ ዘይቱና ሜታኖሉ እንዲዋሃዱ ስለሚያደርገው ኮስቲክ ሶዳ ወይም ፖታሽ። ሌላውን ሁሉ ብታሳምሩ እዚህ ላይ ከተሳሳታችሁ ሳሙና ነው የምታወጡት።

በመጀመሪያ ካታሊስቱ ምን እንደሚሰራ ይግባን። ዘይት ማለት አንድ ግሊሰሪን ሶስት ፋቲ አሲዶችን አቅፎ የያዘበት ነገር ነው። ባዮዲዝል፣ ማለትም ከዘይት የሚሰራውን ናፍጣ፣ ለማግኘት ግሊሰሪኑን አስወጥተን በቦታው ሜታኖል እናስገባለን። ግን ዘይትና ሜታኖል አይዋደዱም፣ ብትቀላቅሏቸውም ተመልሰው ይለያያሉ። ካታሊስቱ እዚህ ላይ ነው እንደ ሽማግሌ የሚገባው። ያስማማል፣ ያጋባል፣ ከዚያ ጋቢውን አጣፍቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ያገለገለ ዘይት ውስጥ ግን ከግሊሰሪኑ ተላቀው ብቻቸውን የሚዞሩ ፋቲ አሲዶች አሉ። ዘይቱ ደጋግሞ በተጠበሰበት ቁጥር፣ ከድንቹና ከሊጡ ውሃ በገባበት ቁጥር ይበዛሉ። ሽማግሌው እነሱን ሲያገኝ ሽምግልናውን ይረሳና ራሱ ሙሽራ ይሆናል። የዚህ ጋብቻ ልጅ ሳሙና ነው። ስለዚህ ያገለገለ ዘይት ላይ ሁለት ዓይነት መጠን ያስፈልጋል፣ እነዚህን ልቅ አሲዶች የሚያስታግስ እና ትክክለኛውን ሽምግልና የሚሰራ። የኔ ገንፎ የመጣው ይህን ባለማወቄ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ስለ አደጋው

ሜታኖል የሚጠጣ አልኮል አይደለም። ትንሹ መጠን ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። በቆዳም ይገባል፣ በትንፋሽም ይገባል። ሽታው ከአረቄ ብዙም ስለማይርቅ በሃይላንድም ሆነ በማንኛውም የመጠጥ ጠርሙስ በፍጹም አታስቀምጡ። ሲነድ ደግሞ ነበልባሉ በቀን ብርሃን በደንብ አይታይም። ስለዚህ ስራው ሜዳ ላይ ነው፣ ነፋስ ባለበት፣ ከሰል በሌለበት፣ ሲጋራ በሌለበት፣ ልጆች በማይደርሱበት። ጓዳ ውስጥ ሆኜ ቡና እየተፈላ እሰራለሁ የሚል ሰው ካለ ይህን ጽሁፍ እዚሁ ላይ ይዝጋው።

ካታሊስቱም የዋህ አይደለም። ኮስቲክ ሶዳም ሆነ ፖታሽ ቆዳ ይበላል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ያሳውራል። ረጅም የጎማ ጓንት፣ ዙሪያውን የሚገጥም መነጽር፣ የተሸፈነ ጫማ፣ አጠገብ ላይ አንድ ባልዲ ንጹህ ውሃ። ቆዳ ላይ ከነካችሁ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በውሃ ማጠብ ነው። ዓይን ከሆነ እያጠባችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ።

አንድ ነገር ደግሞ ለኛ ቤት የተለየ ነው። አብዛኛው ድስታችን አሉሚኒየም ነው። ኮስቲክ ሶዳና ፖታሽ አሉሚኒየም ይበላሉ፣ ሲበሉም ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣሉ። ሃይድሮጅንና የሜታኖል ትነት አንድ ላይ ምን እንደሚያደርጉ መንገር አያስፈልገኝም። ቆርቆሮም አይሆንም። የማይዝግ ብረት ድስት ወይም ከስሩ በሶስት ማዕዘን ውስጥ 2 ቁጥር የተጻፈበት ጠንካራ ጀሪካን ተጠቀሙ። የሃይላንድ ጠርሙስ ላይ ያለው ቁጥር 1 ነው፣ ያንን ፕላስቲክ ካታሊስቱ ቀስ እያለ ያበላሸዋል።

ሁለቱ ዋና እጩዎች

ኮስቲክ ሶዳ፣ ማለትም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ሳሙና የሚሰሩ ሰዎች የሚገዙት ነጭ ቅርፊት ወይም ፍሬ ነው። መርካቶ ውስጥ ብዙ መፈለግ አያስፈልጋችሁም፣ ጠይቃችሁ ታገኛላችሁ። ርካሽ ነው፣ ትንሽ መጠንም ይበቃል። ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ግን (ከዚህ በኋላ ፖታሽ እያልኩ እጠራዋለሁ) የላብራቶሪ ኬሚካል የሚሸጡ ቤቶች ጋ ነው የሚገኘው፣ ዋጋውም ይከብዳል። እዚህ ላይ ግራ እንዳትጋቡ፣ ዳሎል የሚገኘው፣ ለማዳበሪያ የሚሆነው ፖታሽ ሌላ ነው። እሱ ጨው ነው፣ ለዚህ ስራ ምንም አያደርግም። ስትገዙ ሙሉ ስሙን ጠርታችሁ ግዙ።

በጥንካሬ ሁለቱ እኩል ናቸው። ልዩነቱ ክብደታቸው ላይ ነው። የፖታሽ አንዱ ቅንጣት ከሶዳው በ1.4 እጥፍ ይከብዳል፣ ስለዚህ 1 ግራም ሶዳ የሚሰራውን ስራ ለመስራት 1.4 ግራም ፖታሽ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ኮስቲክ ሶዳ ብዙ ጊዜ ንጹህ ሲሆን ፖታሽ ግን ከ85 እስከ 90 በመቶ ብቻ ነው፣ ቀሪው በአብዛኛው ውሃ ነው። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን መቶኛ አንብቡና አካፍሉ። 7 ግራም ንጹህ ፖታሽ ከፈለጋችሁና የያዛችሁት 90 በመቶ ከሆነ 7.8 ግራም ትመዝናላችሁ ማለት ነው።

ታዲያ ውዱንና ከባዱን ለምን እንመርጣለን? እኔ ሶስት ጊዜ ተቃጥዬ ነው የመረጥኩት።

አንደኛው ነገር መሟሟቱ ነው። ፖታሽ ሜታኖል ውስጥ ቶሎ ይሟሟል። ጀሪካኑን ዘግታችሁ ጥቂት ደቂቃ ብታወዛውዙት ያልቃል። ሶዳው ግን ግትር ነው፣ ስሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ሟሟ ብላችሁ ስትገለብጡት ግማሹ እዚያው ይቀርና ዘይቱ ጋ የሚደርሰው የለካችሁት አይሆንም። በሶዳ የምትሰሩ ከሆነ ትዕግስት ይኑራችሁ፣ አንድም ፍሬ እስከማይታይ ድረስ።

ሁለተኛው፣ እኔን በጣም ያናደደኝ፣ ግሊሰሪኑ ነው። በሶዳ ሲሰራ ከስር የሚዘቅጠው ግሊሰሪን ከ38 ዲግሪ ግድም በታች ሲቀዘቅዝ ሊረጋ ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ሌሊቱን 38 ዲግሪ ላይ የሚያድር በርሜል የለም። አንድ ጊዜ ማታ አሳድሬ ጠዋት ከስር ያለውን ቧንቧ ስከፍት ጠብታ አልወጣም። ቧንቧው ውስጥ ሻማ የተሰራ ነበር የሚመስለው። በሙቅ ውሃ ጨርቅ እየጠቀለልኩ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። የፖታሹ ግሊሰሪን ግን እንደ ወፍራም ማር ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል፣ ስትከፍቱለት ይወርዳል።

ሶስተኛው ሳሙናው ነው። መቼም ትንሽ ሳሙና መፈጠሩ አይቀርም። የሶዳ ሳሙና ጠጣር ነው፣ የገላ ሳሙና የሚሰራው በሱ ነው። የፖታሽ ሳሙና ለስላሳ ነው፣ ፈሳሽ ሳሙና የሚሰራው በሱ ነው። ስህተት ስትሰሩ በሶዳው ገንፎ ታገኛላችሁ፣ በፖታሹ ደግሞ በሙቅ ውሃ ታጥቦ የሚሄድ ልስላሴ። ስህተትን ይቅር የሚል ካታሊስት ለጀማሪ ይሻላል።

ይህን ካልኩ በኋላ ሶዳውን አላጣጥልም። ዘይታችሁ አዲስ ወይም ትንሽ ብቻ ያገለገለ ከሆነ፣ ደረቅ ከሆነ፣ ግሊሰሪኑን ሳይበርድ የምታወርዱ ከሆነ፣ ሶዳ በርካሽ ጥሩ ስራ ይሰራል። ከመጥበሻ ቤት የመጣ፣ ታሪኩ የማይታወቅ ዘይት ላይ ግን ፖታሽ በሉ።

ሁለቱንም በሚመለከት አንድ ማስጠንቀቂያ። አየር ጠላታቸው ነው። እርጥበት ይስባሉ፣ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋህደው ወደ ደካማ ካርቦኔት ይቀየራሉ። ፍሬዎቹ ተጣብቀው ጓል ከሆኑ፣ ላያቸው ላብ ካላበው፣ ወይም ነጭ ዱቄት ከለበሱ፣ ምን ያህል ጉልበት እንደቀራቸው አታውቁም። ነጋዴው ከተከፈተ ከረጢት እየሰፈረ ሲሸጥላችሁ ርካሽ ነው ብላችሁ አትግዙ። እኔ የከሰርኩት እዚያ ላይ ነው። የታሸገ ትንሽ እቃ ይሻላል፣ ከፈታችሁ መዝናችሁ ወዲያው ግጥም አድርጉ። የታፈነ ቱቦ መክፈቻ ተብለው የሚሸጡትም አይሆኑም፣ አንዳንዶቹ ውስጥ የአሉሚኒየም ፍንጣሪ አለ።

ስንት ግራም? ዘይቱን ጠይቁት

ለአንድ ሊትር አዲስ ዘይት የምጠቀምበት መነሻ 5 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ወይም 7 ግራም ንጹህ ፖታሽ ነው። የድሮ አሰራሮች ሶዳውን 3.5 ግራም ያደርጉታል፣ ግን በዚያ መጠን ሳይቀየር የሚቀር ዘይት ያስቸግራል። ላገለገለ ዘይት በዚህ መነሻ ላይ ተጨማሪ ይመጣል፣ እሱን የሚነግራችሁ ቲትሬሽን የሚባለው የአሲድ ልኬት ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ አስር ደቂቃ አይፈጅም።

1 ግራም ፖታሽ በ1 ሊትር የተጣራ ውሃ ውስጥ አሟሙ። የተጣራ ውሃ ማለት ባትሪ ላይ የሚጨመረው ውሃ ነው፣ አሲዱ አይደለም፣ አደራ። ከዚያ ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ 10 ሚሊ ሊትር ንጹህ አይሶፕሮፒል አልኮል አድርጉ፣ ጠቋሚ ጨምሩ። ጠቋሚው ፊኖልፍታሊን ቢሆን ጥሩ ነው፣ ካጣችሁ ግን ወጥ ቤት ግቡ። እርድ ይሰራል! እርዱን በአልኮል በጥብጡና ቢጫውን ውሃ ተጠቀሙ። አሲድ ላይ ቢጫ ነው፣ ወደ ሌላው ጎን ሲሻገር ወደ ቀይ ቡናማ ይዞራል። አልጫ ወጥ የነካውን ልብስ በሳሙና ሲያጥቡት ቀይ ሲሆን አይታችሁ ከሆነ ነገሩ እሱ ነው።

መጀመሪያ ዘይት ሳትጨምሩ አልኮሉ ራሱ ቀለም እስኪቀይር አንድ ሁለት ጠብታ ከፖታሹ ውሃ አድርጉበት፣ አልኮሉ የራሱ አሲድ ካለው ሂሳባችሁን እንዳያበላሽ። አሁን በመርፌ አልባ ሲሪንጅ በትክክል 1 ሚሊ ሊትር ዘይት ጨምሩ፣ ሞቅ አድርጋችሁ በደንብ አዋህዱ። ቀለሙ ወደ ኋላ ይመለሳል። ከዚያ በሌላ ሲሪንጅ የፖታሹን ውሃ ጠብታ በጠብታ እያወዛወዛችሁ ጨምሩ። ቀለሙ መጥቶ ለ20 ሰከንድ ያህል ሳይጠፋ ከቆየ ቁሙ። ስንት ሚሊ ሊትር ሄደ? ያ ቁጥር ለእያንዳንዱ ሊትር ዘይት የምትጨምሩት ተጨማሪ ግራም ነው። ሶስት ጊዜ ደጋግማችሁ አማካዩን ውሰዱ። በሶዳ የምትሰሩ ከሆነ የመለኪያውንም ውሃ በሶዳ አዘጋጁት፣ ማምታታት አያስፈልግም።

ምሳሌ እንስራ። የጎረቤቴ ዘይት 3 ሚሊ ሊትር ወሰደ እንበል። ፖታሼ 90 በመቶ ነው። መነሻው 7.8፣ ተጨማሪው 3፣ ድምሩ 10.8 ግራም በሊትር። ለ10 ሊትር 108 ግራም። ተጨማሪውን 3 በ90 አላካፈልኩትም፣ ምክንያቱም የመለኪያውን ውሃ የሰራሁት በዚያው ባልጸዳ ፖታሽ ስለሆነ ጉድለቱ ቁጥሩ ውስጥ ገብቷል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሁለት ጊዜ ያካፍላል። በሶዳ ቢሆን ለዚሁ ዘይት ወደ 7 ግራም በሊትር፣ 70 ግራም ለ10 ሊትር ይሆናል።

ቁጥሩ 1 እና 2 ላይ ከሆነ ዘይታችሁ ሸጋ ነው። እስከ 5 ድረስ በደንብ ይሰራል። ወደ 10 ሲጠጋ፣ ይህም ማለት አምስት በመቶው ዘይት ልቅ አሲድ ሆኗል ማለት ነው፣ በፖታሽ ብቻ መግፋት ሳሙና ማምረት ነው። የዛ ጊዜ ምን እንደሚደረግ ወደ በኋላ።

ስራው ራሱ

ዘይቱን አጥልሉ። ከዚያ ውሃውን አስወጡ። ውሃና ካታሊስት አንድ ላይ ዘይቱን ራሱን ይሰባብሩትና ሳሙና ያደርጉታል፣ ስለዚህ ይህን አትዝለሉ። ሜታኖል በአካባቢው ሳይኖር ዘይቱን እስከ 110 ዲግሪ አሙቁና መንጣጣቱ እስኪያቆም ጠብቁ። መድረቁን ለማወቅ አንድ ጠብታ የጋለ ምጣድ ላይ ጣሉ፣ ቸስ ካለ ውሃ አለበት።

አሁን እሳቱን አጥፉና ዘይቱ ይብረድ። መጽሐፍቱ 55 ዲግሪ ላይ ስሩ ይላሉ። ሜታኖል በባህር ወለል ላይ የሚፈላው በ64.7 ዲግሪ ስለሆነ ለነሱ ልክ ነው። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እዚህ ሜታኖል በ58 ዲግሪ ግድም ይፈላል። 55 ላይ ስትሰሩ ሜታኖላችሁ እየበረረ ነው፣ እናንተም እየተነፈሳችሁት ነው። እኔ 50 ላይ እሰራለሁ፣ ጊዜውን ወደ ሁለት ሰዓት አስረዝማለሁ። ባህር ዳር ወይም ሐዋሳ ያላችሁ ትንሽ ሰፋ ያለ ቦታ አላችሁ።

ሜታኖሉ የዘይቱ 20 በመቶ በመጠን ነው፣ ለ10 ሊትር ዘይት 2 ሊትር። ላገለገለ ዘይት 2.2 አደርጋለሁ። ፖታሹን ቀስ በቀስ ወደ ሜታኖሉ ጨምሩ፣ አንድ ጊዜ አትገልብጡት፣ ይሞቃል። ጀሪካኑን ክደኑ፣ አወዛውዙ፣ በየመሃሉ ፊታችሁን አዙራችሁ ትነቱን አስተንፍሱት። የሚወጣው ድብልቅ ከሁለቱም የባሰ ነው፣ ቆዳ ላይ ሲነካ ነርቩን አደንዝዞ ስለሚበላ ወዲያው ላይሰማችሁ ይችላል።

ከዚያ አንድ ዘዴ አለ፣ ከሁሉም በላይ የምወደው። ድብልቁን በሙሉ አንዴ አታፍሱት። 80 በመቶውን ጨምሩ፣ አንድ ሰዓት አማስሉ፣ ግሊሰሪኑ እንዲዘቅጥ ተዉትና አውርዱት፣ ከዚያ ዘይቱን መልሳችሁ ወደ 50 ዲግሪ አምጡና ቀሪውን 20 በመቶ ጨምራችሁ ሌላ ሰዓት አማስሉ። ግሊሰሪኑ ከሜዳው ሲወጣ ስራው ወደ ፊት ይሄዳል። በዚያው ካታሊስት፣ በዚያው ሜታኖል የተሻለ ባዮዲዝል። ማማሰያችሁ ግን የእጅ ድሪል አይሁን፣ ውስጡ ብልጭ ይላል። ከላይ ስለ ሜታኖል ያልኩትን አስታውሱ።

ሌሊቱን ያድር። ጠዋት ከላይ ነጣ ያለ ቢጫ፣ ከስር ጠቆር ያለ ግሊሰሪን ታያላችሁ። መስመሩ ጥርት ያለ መሆን አለበት። በመሃል ወፍራም ነጭ ነገር ካለ ሳሙና ነው፣ ካታሊስቱ በዝቷል ወይም ውሃ ነበር።

አስር ሊትር ከማበላሸታችሁ በፊት ግን ይህን ሁሉ በ1 ሊትር ሞክሩት። እኔ አሁንም አዲስ ዘይት በመጣ ቁጥር እንዲህ ነው የማደርገው፣ ሁለቱን ካታሊስቶች ጎን ለጎን በሁለት ትናንሽ እቃ ሰርቼ አያለሁ።

ሌሎቹ ካታሊስቶች

የአመድ ውሃስ የሚል ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። አያቶቻችን በአመድ ልብስ አጥበዋል፣ አመድ ውስጥ ፖታሺየም ካርቦኔት አለ፣ እውነት ነው። ግን ደካማ ነው፣ መጠኑን አታውቁትም፣ ከአመድ የምታወጡት ደግሞ በውሃ ነው። ውሃ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ አይተናል። ለልብስ ይሁን።

ኖራ፣ ማለትም ካልሲየም ኦክሳይድ፣ ትንሽ የተሻለ ወሬ አለው። የእንቁላል ቅርፊት ወደ 900 ዲግሪ ሲጋል እሱን ይሰጣል፣ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሁፍ ይወዱታል። ጠጣር ስለሆነ ተጠልሎ ተመልሶ ሊሰራ ይችላል። ግን ዝግተኛ ነው፣ ከአየሩ እርጥበት ከጠጣ ይሞታል፣ ጥቂቱም ባዮዲዝሉ ውስጥ ይሟሟል። የአውሮፓው ደረጃ ካልሲየምና ማግኒዥየም ተደምረው በኪሎ ከ5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጡ ያዛል፣ ሶዲየምና ፖታሺየምም እንዲሁ። ቤት ውስጥ ያንን መለኪያ የለንም። እኔ አልሄድበትም።

ኤንዛይም፣ ሊፔዝ የሚባለው፣ ልቅ አሲዱንም ጭምር ይቀይራል፣ ሳሙና አይፈጥርም፣ ሙቀቱም ለብ ያለ ነው። ዋጋው ግን ለኛ አይደለም። ፋብሪካዎች ደግሞ የተዘጋጀ ሶዲየም ሜቶክሳይድ ይጠቀማሉ። ሶዳ ሜታኖል ውስጥ ሲሟሟ ትንሽ ውሃ ይፈጠራል፣ ያኛው ግን ውሃውን አስቀድሞ ያስቀረ ነው። ለቤት በጣም አደገኛ ነው፣ እለፉት።

ሰልፈሪክ አሲድ የተለየ ጉዳይ ነው። ቲትሬሽኑ ከ10 በላይ ለሆነ ዘይት የሚመከረው በሁለት ደረጃ መስራት ነው። መጀመሪያ በአሲድ ልቅ አሲዶቹን ወደ ባዮዲዝል መቀየር፣ ከዚያ በፖታሽ መጨረስ። መጠኑ ትንሽ ነው፣ በሊትር ዘይት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሊትር። ግን 95 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አሲድ ነው የሚፈልገው። የመኪና ባትሪ አሲድ ሁለት ሶስተኛው ውሃ ስለሆነ አይሞከርም። ብዙ ሰዓት ይፈጃል፣ ከተሰራ በኋላም ፖታሹ የቀረውን አሲድ ጭምር ማስታገስ አለበት። እኔ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለቤት አልመክረውም። መጥፎውን ዘይት በጥሩ ማቅጠን ይቀላል። 12 የወሰደ አንድ እጅ ዘይት ከ2 የወሰደ ሶስት እጅ ጋር ብትቀላቅሉ ወደ 4.5 ይወርዳል፣ በፖታሽ ይሰራል። ከዚያም የባሰውን ሆን ብላችሁ ሳሙና ስሩበት።

ሜታኖል ማግኘት ስለሚከብድ በኢታኖል ብንሰራስ ለምትሉ፣ ፊንጫና መተሃራ ያሉት ስኳር ፋብሪካዎች ኢታኖል ያመርታሉ፣ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ነበር። ይቻላል። በ1937 እ.ኤ.አ. ቤልጂየም ውስጥ ፓተንት የወጣበት አሰራር ራሱ የፓልም ዘይት በኢታኖል ነበር። ግን ኢታኖሉ ከ99 በመቶ በላይ ደረቅ መሆን አለበት፣ 95 በመቶው እንኳ አይበቃም። አረቄማ ገና ከግማሹ በላይ ውሃ ነው። እዚህ ላይ የካታሊስት ምርጫ ክርክር የለውም፣ ፖታሽ ነው። ሶዳው ኢታኖል ውስጥ ሲሟሟ ያሳብዳል።

ሰራ ወይስ አልሰራም?

3 ሚሊ ሊትር ባዮዲዝል 27 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ውስጥ ጨምሩ፣ ሁለቱም 20 ዲግሪ ግድም ላይ እያሉ። አናውጡና አስቀምጡ። ሙሉ በሙሉ ከሟሟና ጥርት ካለ ተቀይሯል። ስሩ ላይ የዘይት ጠብታ ከተሰበሰበ ካታሊስቱ ወይም ሜታኖሉ አንሷል፣ ወይም ካታሊስታችሁ ሞቶ ነበር ማለት ነው። ፍርዱ ይሄ ነው፣ ቀለሙ አያታላችሁ።

ካለፈ እጥበት ይከተላል። ለብ ያለ ውሃ በቀስታ፣ መጀመሪያ እንደ ዝናብ በላዩ ላይ እየረጩ፣ ሳያናውጡ። የመጀመሪያው ውሃ እንደ ወተት ይወጣል፣ ያ ሳሙናና የቀረ ካታሊስት ነው። ውሃው ጥርት እስኪል ደጋግሙ። ካታሊስት ሞተር ውስጥ ከገባ አመድ ሆኖ አፍንጫ የሚባሉትን የነዳጅ መርጫዎች ይደፍናል፣ ስለዚህ ስንፍና አይደረግም። ከዚያ ክዳኑን ከፍታችሁ በፀሐይ አድርቁት፣ በመስታወት እቃ ውስጥ አድርጋችሁ ከጀርባው ጋዜጣ ማንበብ እስክትችሉ።

ግሊሰሪኑን አትድፉት። ውስጡ ሜታኖል ስላለ ከቤት ርቆ ሜዳ ላይ ተከፍቶ ብዙ ቀን ይቆይ። የፖታሹን ከሆነ በኋላ በብዙው አቅጥናችሁ ብስባሽ ላይ ጥቂት ልታደርጉት ትችላላችሁ፣ ፖታሺየም ለተክል ምግብ ነው። የሶዳው ግን አፈሩን ጨዋማ ያደርጋል፣ ጓሮ አታስገቡት። ለእጅ ግሪስ ማጽጃ ይሁን።

የመጨረሻ ነገር፣ ካታሊስት የማያስተካክለው ችግር። የከተማው መጥበሻ ዘይት አብዛኛው የሚረጋው የፓልም ዘይት ነው። ከሱ የሚወጣው ባዮዲዝል 13 ወይም 15 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ይደፈርሳል፣ ከዚያ ይረጋል። የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት አዲስ አበባ ላይ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ፖታሽም ሶዳም ይህን አይለውጡትም፣ የዘይቱ ባህሪ ነው። እኔ 20 በመቶ ባዮዲዝል ከ80 በመቶ ናፍጣ ጋር ቀላቅዬ ነው የማስገባው፣ ያውም አሮጌ ጄነሬተር ላይ፣ ኮምፒውተር ያለው አዲስ ሞተር ላይ በፍጹም። መጀመሪያ ሰሞን የነዳጅ ማጣሪያው ቶሎ ይደፈናል፣ ባዮዲዝሉ ታንከሩ ውስጥ ለዓመታት የተጋገረውን ቆሻሻ ሁሉ ጠራርጎ ስለሚያመጣ። ትርፍ ማጣሪያ አስቀድማችሁ ግዙ።